ሰሌዳሽ ጥፋት የለባትም

ለልጅ ልጄ፣ ለፌንጣዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ዓይንሽ፣ ትከሻሽ፣ ወገብሽስ እንዴት ናቸው? ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለሽ መዳብ ስትቆርጪ ስለምትውዪ ወገብሽን ለብቻው ጠይቄልሻለሁ። እንቅልፍስ ይወስድሻል? ምግብሽን ተቀምጠሽ ነው የምትበዪው ወይስ እንደ ልማድሽ ቆመሽ? እኔ ያው ነኝ። ጥርሴ አልቋል፣ ጆሮዬ ካልጮኹበት አይሰማም፣ ምላሴ ግን እንደ ድሮው ናት። ሞት መጥቶ በሩን ቢያንኳኳ እንኳ ስለማልሰማው፣ ደጅ ቆሞ ቆሞ ሰልችቶት የሚመለስ ይመስለኛል።

የአያትሽን ጤና እዚህ ላይ አልጻፍኩም፤ ወደ ታች እመጣበታለሁ። ዘለሽ እንዳታነቢ፤ ፌንጣነትሽን አውቀዋለሁ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ የላክሽልን የአንቴና ሰሌዳሽ ትሠራለች። ለአለቃሽ ሥራዬ ወድቋል ብለሽ እንዳትነግሪው። ከነገርሽውም ተመልሰሽ ሂጂና ጥፋቱ የአያቴ ነው በዪው።

አጎትሽ ሾፌሩ ሰሌዳዋን ይዞልን የመጣ ቀን እንዴት እንደሳቅኩ አልነገረሽም መሰለኝ። መዳፍ የማታህል ነገር፣ ፊቷ ላይ መዳብ ተለጥፎ፣ መሀሏ ላይ እንደ በር እጀታ የታጠፈ ስንጥቅ፣ ጠርዟ ደግሞ አይጥ የቆረጠማት የመሰለች። እኔ ላሜራ እንዲህ አድርጌ ብቀድ ባለቤቱ ቆርቆሮውን አናቴ ላይ ያጠልቅልኝ ነበር፤ እሷ ስትቀድ ኢንጂነር ትባላለች ብዬ ሳቅኩ። አያትሽ ተቆጣች። አንተ ሰው ዝም በል፣ ልጅቱ በደንብ አስረድታኛለች አለች። ስንጥቁ ኤሌክትሪኩን ዞሮ እንዲሄድ ያደርገዋል፣ መንገዱ ሲረዝም ትንሿ ሰሌዳ እንደ ትልቅ ትሆናለች፣ ላንዱ ሞገድ አጭር መንገድ ለሌላው ረጅም መንገድ አላት፣ ስለዚህ የሦስት አንቴና ሥራ አንዷ ብቻዋን ትሠራለች አለችኝ። ቀጥላም፣ ያው እንደ አንተ ወሬ ናት፤ አጭሩን ነገር እያዞርክ ትልቅ ሰው ትመስል የለም? አለች። አጎትሽ ሆዱን ይዞ ወጣ። እንዲህ ያለ መልስ ነበራት፤ ያዢልኝ ይህን።

ቤታችንን ታውቂዋለሽ። ከመንገዱ በታች ተወሽቆ፣ ግድግዳው ድንጋይ፣ ኔትወርክ የሚባል ነገር ደረጃውን ወርዶ አያውቅም። ድሮ ካንቺ ጋር ለማውራት ወደ መንገድ እንወጣ ነበር፤ የአያትሽ ጉልበት እምቢ ካለ ወዲህ ያም ቀረ። ሰሌዳዋን ከመስኮቱ ውጭ አስቀምጧት፣ ፊቷ ወደ ሰማይ ይሁን፣ ዝናብ አይንካት ብለሽ ነበር ያዘዝሽው። ዝናብ አይንካት ብሎ ለቆርቆሮ ሠሪ መንገር ግን ለሆዳም እስኪ ቅመስልኝ እንደ ማለት ነው።

ሱቄን ስዘጋ ያስቀረኋትን ምርጥ ላሜራ አወጣሁ። ለካሁ፣ ቆረጥኩ፣ አጠፍኩ፣ ዙሪያዋን በስታኞ በየድኩ። ሽቦዋ የምትወጣበትን ቀዳዳ በሰም ደፈንኩ። ክዳኗ ላይ በምስማር ጫፍ ፌንጣ ሣልኩባት፤ እግሯ ትንሽ ቢወላገድም ታምራለች። አያትሽ ሣጥኗን ገልብጣ አየቻትና፣ እንዲህ የሚያምር ነገር ለእኔ ሠርተህልኝ አታውቅም አለች። ሰሌዳሽን እዚያ ውስጥ አስተኝተን፣ ክዳኑን ጥርቅም አድርገን፣ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥናት።

ከዚያ በኋላ ዝምታ ሆነ። ከሰሌዳዋ ጋር የላክሽው ሞደም ላይ ያሉት ሦስቱ መብራቶች አንዳቸውም ሊበሩ እምቢ አሉ። አያትሽ ወንበሯን መስኮቱ ሥር አስጠግታ፣ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትውል ጀመር። አንቺ ደግሞ ከዚያ ማዶ ለአጎትሽ ስትደውዪለት ሰሌዳዋ በደንብ ተቀምጣለች ወይ ብለሽ ጠየቅሽው። እሱም ደረቱን ነፍቶ፣ አባዬ ራሱ ሠርቶላት፣ ነፋስ እንኳ አያገኛትም አለሽ። እውነቱን ነው፤ ነፋስም ሞገድም አላገኛትም። በቤተ ሙከራ ውስጥ ጎበዝ ነበረች፣ ሰው ቤት ስትገባ ሞተች፤ እተወዋለሁ፣ ወሩ ሳያልቅ ለአለቃዬ ወድቋል እለዋለሁ ማለትሽን አጎትሽ ነገረኝ። ላያትሽ ግን አልነገርናትም። እሷ የምታውቀው አለመደወልሽን ብቻ ነበር። አንድ ቀን ከወንበሯ ስትነሣ ረሳችኝ አለች።

አሁን ወደ ፈራሁት ደረስኩ። በማግስቱ ጠዋት ብርጭቆ ከእጇ ወደቀ። እኔም እንደ ልማዴ፣ አሮጊቷን እጇም ከዳት ብዬ እየሳቅኩ ዞርኩ። አፏ ወደ አንድ ጎን ሄዶ ነበር። አጎትሽ በመኪናው ሐኪም ቤት አደረሳት። ተርፋለች ፌንጣዬ፣ ትተነፍሳለች፣ ሰው ታውቃለች፣ ትሰማለች። ቀኝ እጇና ምላሷ ግን አልተመለሱም። ሐኪሙ ሁለተኛ ከመጣባት ብሎ ጀመረና የቀረውን ዋጠው። ቤቱ ውስጥ አሁን የማወራው እኔ ብቻ ነኝ። እነካካታለሁ፣ አሮጊቷ እላታለሁ፣ ታየኛለች እንጂ አትመልስልኝም። መልስ የሌለው ቀልድ ጥጥ ላይ መዶሻ እንደ ማሳረፍ ነው።

ከሐኪም ቤት በተመለስንበት ሳምንት ዝናቡ በረታ። ብየዳዬ ውሃ አስገብቶ ይሆናል ብዬ ክዳኑን ከፈትኩ። ውሃ ጠብታ አልነበረበትም፤ ሥራዬ ሥራ ነው። ዘወር ስል ግን የአያትሽ ዓይን ፈጧል። ትራሷ ላይ ያለው ስልክ እየበራ፣ እየተንቀጠቀጠ ወደ ጫፍ ይሄዳል። እኔ ደንቆሮው ምን ይሰማኛል! ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን ጠራኋት፤ ምላሷ ስለሚቆርጥ መቀስ የምላትን። መቀስ ስልኩን አየችና፣ የልጅቱ የድምፅ መልእክት ነው፣ ተጠራቅሞ ነው የመጣው አለችኝ። አንድ በአንድ አሰማቻት። እኔ ድምፅሽን ባልሰማም በአያትሽ ፊት ላይ አነበብኩት። እንባዋ በአንደኛው ዓይኗ ብቻ ወርዶ ጆሮዋ ውስጥ ይገባ ነበር። አልረሳሻትም ነበር ለካ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ለአለቃሽ ንገሪው፤ ሙከራ ነው። ክዳኑን ስዘጋው ሦስቱም መብራት ይጠፋል። ክዳኑን ብቻ ሳነሣው ሁለቱ ይበራሉ። ሰሌዳዋን ከሣጥኑ ጨርሼ ሳወጣት ሦስቱም ይበራሉ። የፕላስቲክ ሳህን ስደፋባት ምንም አትሆንም። መቀስ ስታየኝ ቆይታ፣ አባባ፣ ልጅቱን በገዛ እጅዎ አስረዋት ኖሯል አለችኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው። አሁን ሰሌዳሽ የፕላስቲክ ሳህን ደፍታ መስኮቱ ላይ ተቀምጣለች፤ ስታስጠላ! ግን ትሠራለች።

መቀስ ልደውልላት ብትለኝ ከለከልኳት። የአያትሽን ነገር በእሷ ምላስ እንድትሰሚው አልፈለግኩም። ስለዚህ ጻፍኩ፤ ወረቀቱን ፎቶ አንስታ በሞደሙ ትልክልኛለች። እንግዲህ ይህን እያነበብሽ ከሆነ፣ የተሸከመችልሽ ያችው ወድቃለች ያልሻት ሰሌዳ ናት።

አንድ ነገር ቀረ። ባዶዋን የላሜራ ሣጥን ልጥላት ስል አያትሽ ግራ እጇን ዘርግታ ወሰደችብኝ። አልጋዋ ላይ፣ እጇ ሥር አስቀመጠቻት። አሁን መልሷ እሷ ሆናለች፤ በቀለበቷ አንዴ ስትመታት እሺ፣ ሁለቴ ስትመታት እምቢ። ንዝረቱን እኔም በመዳፌ አገኘዋለሁ። ትናንት ሥራሽን ልትተዪው ማሰብሽን ነገርኳትና፣ ትተወው ወይ? ብዬ ጠየቅኳት። ሁለቴ መታቻት። ድመቷ ካልጋው ሥር ዘልላ ወጣች።

ደውዪላት። መልስ አትጠብቂ፤ አዎ ወይም አይ የሚባልበትን ብቻ ጠይቂያትና ስልኩ ላይ አዳምጪ። ዛሬ ነገ አትበዪ፤ ሐኪሙ የዋጠው ቃል ሌት ተቀን ጉሮሮዬ ውስጥ ነው።

አጎትሽ መንገድ ላይ ነው፤ ለሰላምታው እኔ ተወክያለሁ። መቀስ ከነመቀሷ ሰላም ብላሻለች፤ ትከሻሽ እንዳይጎብጥም ያስጠንቅቁልኝ ብላለች። ድመቷ ካንቺ ጋር ተኳርፋለች። እኔ ጉንጭሽን እስምሻለሁ፤ ጥርስ ስለሌለኝ አልነክስሽም። አያትሽንም ለልጅቱ ሰላምታ ልጻፍልሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ መዳፌን ሣጥኗ ላይ አሳረፍኩ። አንዴ መታች፤ ቆየችና እንደገና አንዴ። እምቢ ማለቷ አይደለም፤ የመጀመሪያው ለእኔ እሺ ነው፣ ሁለተኛው የራስሽ ሰላምታ ነው።

ከመንገዱ በታች ካለው ቤታችን
ሐምሌ ፯ ቀን