ሰባት ዓመት ወደ ኋላ የሄደው መጣፊያ

ሰኞ፣ ኅዳር 10። 3 ሰዓት
ጠረግሁ፣ ወለወልሁ፣ ማሽኑን አበራሁ። ደብተሬ፣ ከደ/ታቦር እስከ እብናት ኮምፒውተር እንደ እኔ የሚያውቅ የለም። እሺ፣ የማውቀው ማብሪያውን ነው። የኮምፒውተር ክፍሉ ዘበኛ ነኝ። ግን ከማታ ትምህርት ወዲህ ስሕተት ካየሁ ሳላርም አላድርም፤ የበሩን ማስታወቂያ አርሜ ተቆጥተውኛል።

መ/ርት ብርቱካን መጣፊያዋን በኢሜይል ላከች። መጣፊያ የምትለው የተቀደደ ፕሮግራም የሚጠገንበትን ጽሑፍ ነው። አ/አ ያለው የፕሮግራሙ መጣፊያ ሰብሳቢ ከተቀበላት ሥራ ይሰጣታል። ቀነ ገደቡ ዓርብ። ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት፤ ለእኔማ ከወዲሁ ተቀጥራለች።

ማክሰኞ። 9 ሰዓት
ሰብሳቢው አልደረሰኝም አለ። ሁለቴ ደግማ ላከች። አሁንም አልደረሰኝም። ጦፌአለሁ። ከይፋግ በአህያ የተጫነ እህል እንኳ ይኸኔ ደርሶ፣ ተፈጭቶ፣ ተበልቷል። ቁጥሩን ይስጡኝና ልኩን ልንገረው አልኋት።

«ይተዉ ጋሼ፣ እኔው አጥፍቼ ይሆናል» አለች።

ይኸ የባሰ አናደደኝ።

ረቡዕ። 4 ሰዓት
ተገኘ። ሦስቱም ከሰውየው መልእክት ሳጥን ግርጌ፣ ከአሮጌ ደብዳቤ ሥር። የተላኩበት ቀን ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ። ያኔ ፕሮግራሙ ራሱ አልተወለደም ብሎ ተሳለቀባት። አፉ ይዘጋ።

እሷ አስረዳችኝ። ኢሜይል ቀኑን የሚወስደው ከላኪው ማሽን ሰዓት ነው፤ ማሽኑ ከዋሸ ደብዳቤውም ይዋሻል። መጣፊያው ውስጥም ያው ቀን ተጽፏል። ሰዓቱን አስተካክላ መጣፊያውን እንደ አዲስ አወጣችው። ማን ነካው ስትለኝ፣ ቅዳሜ መብራት ሄዶ ነበር፣ ቆጠራው ጠፍቶት ይሆናል አልሁ።

ሐሙስ። 8 ሰዓት
ያልሁት እውነት መስሏት፣ ማሽናችን መብራት በሄደ ቁጥር ቀን ይረሳል ብላ ለሰውየው በቅንነት ጻፈች። መልሱ፦ ከማይታመን ማሽን የመጣ አልቀበልም፤ አስጠግነሽ ለከርሞ። ተነሥታ ጥቁር ሰሌዳውን አጠፋች። ሰሌዳው ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም።

ሐሙስ። 10 ሰዓት
አሁን ማንን ልስደብ? ሰውየውን ሰድቤ ጨረስሁ። ማሽኑ ደህና ነው፣ መጣፊያው ተዘጋጅቷል፣ ነገ ዓርብ ነው። ሄጄ እነግራታለሁ፤ እዚያው እንደ ቆምሁ ትጽፍለታለች። ካላመነ በስልክ እኔው እነግረዋለሁ። ይሳቅ።

ደብተሬ፣ አንተንም ዋሽቼሃለሁ። ቅዳሜ መብራት አልሄደም። ባለፈው ወር፣ ማንበብ በቻልሁ በሳምንቱ፣ ማሽኑን ቀና ብዬ ባየው የፈረንጅ ዓመት፣ የፈረንጅ ወር፤ በጠራራ 3 ሰዓት ላይ 9 ይላል። ስሕተት ነው አልሁ። በዚችው ጣቴ ወደ እኛ ዓመት፣ ወደ እኛ ወር፣ ወደ እኛ ሰዓት ያረምሁት እኔ ነኝ።