የአቶ ኃይለልዑል ደመቀ የሕይወት ታሪክና ያልቆጠሩት ኮከብ

አቶ ኃይለልዑል ደመቀ ከአባታቸው ከአቶ ደመቀ እንግዳ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሰብለ ወንጌል ተሰማ፣ በቀድሞው ጎጃም ጠቅላይ ግዛት፣ ደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ በዕለተ ሚካኤል ኅዳር 12 ቀን 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ለትምህርት ሲደርሱ በደብር ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደግመዋል። በ1959 ዓ.ም. አጎታቸው ወደ አዲስ አበባ አምጥተው ሸማ ተራ ካለው ሱቃቸው አስገቧቸው፤ የማታ ትምህርታቸውንም እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። በዚያው ሱቅ ነጠላና ጋቢ ሲሸጡ ዕድሜያቸውን ፈጁ። ጥለቱን በጣታቸው ዳበስ አድርገው የትኛው ሸማኔ እንደሠራው የሚናገሩ ሰው ነበሩ።

በ1971 ዓ.ም. ከወ/ሮ ብርሃኔ አየለ ጋር በተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው ሁለት ሴቶች ልጆችን አፍርተዋል። ይህን የምጽፈው ታላቋ ልጃቸው ፍሬሕይወት ነኝ፤ ታናሼ ሀኒ ናት።

አባታችን ሦስት ነገር ይወዱ ነበር፤ መንገድ፣ ሰማይና አንበሳ ግቢ። ግሸንን፣ ላሊበላንና አክሱምን ተሳልመዋል። ከተራው ነጋዴ ከአቶ ጠይብ ሱቅ የገዙትን ሩቅ የሚያሳይ መነጽር ይዘው አመሻሽ ላይ ጣሪያ ላይ ይወጣሉ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደግሞ ስድስት ኪሎ ሄደው አንበሳው ፊት ይቀመጣሉ። ያዩትን ሁሉ፣ ጨረቃ በየት በኩል እንደወጣች፣ አንበሳው ስንቴ እንዳገሳ፣ ጦጣዋ የማንን ሙዝ እንደነጠቀች፣ በደብተር ይጽፋሉ። የተራው ነጋዴ «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ ይቀልድባቸው ነበር። ለእሳቸው ግን ከጸሎት የማይለይ ነገር ነበር፤ እያንዳንዱን ገጽ አናቱ ላይ መስቀል ሠርተው ነው የሚጀምሩት።

ቀልዱ ውሎ አድሮ ሌላ ስም ወለደ። ዛሬ ነጠላችሁን አዘቅዝቃችሁ እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ አባታችንን «ኮከብ ቆጣሪ» ያላችኋቸው አላችሁ። ሰው የራሱንና የእናቱን ስም ይዞ «ኮከቤን ይዩልኝ» እያለ ሱቅ ይመጣ ጀመር። እሳቸውም አማትበው ይመልሱት ነበር። የነፍስ አባታቸው እንኳ ወሬው ደርሷቸው ደብተሩን አስመጥተው አዩና ምንም ክፉ ነገር የለበትም ብለው መለሱላቸው። አባታችን የመጣውን ሁሉ መልሰዋል፤ ከአንድ ሰው በቀር።

ሚያዝያ 26 ቀን 2006 ዓ.ም. እሑድ ከሰዓት፣ እህል በረንዳ ጤፍ የሚሸጡት ጎረቤታችን ወ/ሮ ሐጀራ ለሦስተኛ ጊዜ ቤታችን መጡ። ልጃቸው ጃፋር በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ሊሄድ ተነስቶ ነበር። «ጋሼ ኃይለልዑል፣ ለሰው ሁሉ ያያሉ፣ ለኔ ሲሆን ነው የሚደብቁት? አይሂድ ይበሉኝና በር ዘግቼ አስቀረዋለሁ» አሏቸው። አባታችን ንዝነዛው ሰልችቷቸው ነበር። ለመሸኘት ያህል «መንገዱ ቀና ነው፣ ይሂድ» አሏቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ጃፋር በሳምንቱ ሄደ። ከሞያሌ አንድ ጊዜ ደወለ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም።

ይህን የተባባሉትን እኛ ቤተሰቦቻቸው እስከ ትናንት አናውቅም ነበር። በ2007 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሞያሌ ሲሄዱ ለንግድ መስሎን ነበር። ከዚያ መልስ ወ/ሮ ሐጀራ በሱቁ ደጅ ባለፉ ቁጥር አባታችን ወደ ጓዳ ይገቡ ጀመር፤ እኛም ተቀያይመው ይሆናል ብለን ተውነው። ባለፈው ዓመት ግንቦት በልብ ሕመም ተይዘው ስምንት ወር በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ትናንት ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል በ71 ዓመታቸው አረፉ።

ይህን ታሪክ ለመጻፍ ቀን ፍለጋ ደብተራቸውን ስገልጥ የዚያን እሑድ ገጽ አገኘሁ። እንዲህ ይላል፦ «ዛሬ አንበሳው ሥጋውን አልነካም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል፤ ብጠራውም አልዞረም። ምክንያቱን ሳላውቅ ልቤ ፈራ። ከሰዓት ሐጀራ መጣች። ልቤ አይሂድ እያለ አፌ ይሂድ አለ። አላውቅም ማለት እንዴት አቃተኝ?»

የሞያሌው ገጽ ደግሞ፦ «መናኸሪያው ውስጥ ፎቶውን ያሳየሁት ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ሲመሽ መስቀል የሚመስሉት አራቱ ኮከቦች በደቡብ በኩል ታዩኝ። ከመርካቶ ሳያቸው ዝቅ ያሉ ናቸው፤ እዚህ ከፍ ብለዋል። ልጁ ከደረሰ ከአናቱ በላይ ያገኛቸዋል።»

ከዚያ ገጽ በኋላ ስለ ኮከብም ሆነ ስለ አንበሳ የተጻፈ ነገር የለም። ወደ አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በየእሑዱ አንድ መስመር ብቻ አለ፦ «ጃፋር የሐጀራ ልጅ። ወሬ የለም።» የመጨረሻው ባለፈው ሳምንት የተጻፈ ነው። ከሥሩም «የሕይወት ታሪኬ ሲነበብ ይህም ይነበብ» ይላል።

እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ባነበው «ይኸው፣ ቆጣሪ ነበሩ» ልትሉ ነው፤ ባላነበው የአባቴን አደራ ልበላ ነው። ትናንት ደብተሩን ይዤ ወ/ሮ ሐጀራ ቤት ሄድኩ። ገጾቹን አነበብኩላቸው። ከዚያ «ነገ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢው» አሉኝ። «የልጄም ስም ሰው ፊት ይጠራ። ይሙት ይኑር ሳላውቅ ለቅሶ እንኳ አልተቀመጥኩለትም።» «አውፍ ብያቸዋለሁ» ብለው ይቅርታቸውን ግን አልሰጡም፤ እኔም ለመጠየቅ አልደፈርኩም። አሁን ከፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል።

አባታችን ባለቤታቸውን ወ/ሮ ብርሃኔን፣ እኔንና ሀኒን፣ ሦስት የልጅ ልጆችንና ያንን ደብተር ትተው ሄደዋል። የመጪው እሑድ መስመር በእኔ እጅ ይጻፋል።

እኛ የማናውቀውን ሁሉ የሚያውቅ አምላክ የአባታችንን ነፍስ በደጋጎቹ አባቶች አጠገብ ያሳርፍ። ለእናታችን መጽናናትን ይስጥ። ለወ/ሮ ሐጀራም፣ ክፉም ይሁን ደግ፣ ወሬ ይስጥልን።