እንዳጠፋው ያዘዝከኝ ካሴት

ይድረስ ለማከብርህና ለምናፍቅህ፣ ዛሬ ግን በጣም ለተቆጣሁህ ወንድሜ ለሙዘሚል ኸሊፋ።

እንደምን ከርመሃል? ያ የሚያስቸግርህ ወገብህ ተሻለህ? ባለቤትህ ሱዓድስ እንዴት ናት? ትንሹ ኸሊፋ በእግሩ መሄድ ጀመረ ወይስ አሁንም በደረቱ ነው? የጅዳ ወበቅ ቀለል አለላችሁ? እኛን የጠየቅህ እንደሆነ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። እናታችን ዓይኗ ትንሽ ደከም ብሏል፤ ምላሷ ግን እንደምታውቀው ነው። ፍየሏ መንታ ወልዳለች። የጓሮው ግድግዳ በክረምቱ ተደርምሶ ነበር፤ ተጠግኗል። ከአንተ ደብዳቤ በቀር ያመመን ነገር የለም።

ደብዳቤውም፣ አብሮት የላክኸው ካሴትም በደህና ደርሰውኛል። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ ለእናታችን፣ አንዳንዱን መስመር እየዘለልኩ፤ ቀጥሎ ለራሴ፣ አንድም ሳልዘል። ከሁለት ወር በኋላ አማቶችህን ይዘህ እንደምትመጣ ጽፈሃል። ይምጡ፣ ቤቱ ቤታቸው ነው። ግን እነሱ ፊት እናታችን በየሠርጉ ቤት ደሉካ ትመታ እንደነበር ማንም እንዳያነሳ፣ ያ የሸክላ ከበሮዋም ከግድግዳው ላይ እንዲወርድ አዘሃል። በአክስታችን ልጅ የሠርግ ዋዜማ፣ በሂናው ቀን የዘፈነችበትን አሮጌ ካሴት ደግሞ እንዳጠፋው ነው የፈለግኸው። «የሴቶች ጭብጨባ ዘፈን አይባልም፤ የላክሁልሽን በላዩ ላይ ቅጂበት፣ ዘፈን ማለት ይኼ ነው» ብለሃል። የላክኸው የዘፋኙ የአብዱራሂም ሳቲ ዘፈን ነው፤ ያ በሬዲዮ እየሰማነው እንኳ ክራባቱ የሚታየን ሰውዬ።

እናታችን አንተ ስታገባ «ከእንግዲህ ይቅርብሽ» ስላልካት ደሉካዋን ሰቅላ አራት ዓመት ተቀምጣለች። አንድ ቀን እንኳ አላማረረችም። እኔ ግን እሷን አይደለሁም፤ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁህ እህትህ ነኝ፣ ስታለቅስ በምን ዝም እንደምትል አውቃለሁ። ስለዚህ ሁለቱን ካሴቶች በአንድ ጨርቅ ጠቅልዬ ባለፈው ሳምንት ዓርብ ወደ ምድር ባቡር ክበብ ሄድኩ።

ክበቡን ታውቀዋለህ፤ አንተ ከሄድክ ወዲህ ግን የዓርብ ዘፈን ሥርዓት አብጅቷል። ከዐስር ሶላት በኋላ ቴፑን ከኒሙ ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና እያንዳንዱ አባል የሚወደውን አንድ ዘፈን ያስደምጣል። ዘፈኑ እስኪያልቅ መናገር ክልክል ነው፤ የተናገረ ለሁሉም ሻይ ይጋብዛል። ሲያልቅ ያመጣው ሰው ተነስቶ ለምን እንደሚወደው ያስረዳል፣ ሌሎቹ ደግሞ ያብጠለጥሉታል። ሰብሳቢው ኡስታዝ ቡሽራ ነው፤ ትምህርት ቤት ሳለህ ጆሮህን ይጎትት የነበረው የአረብኛ አስተማሪ።

እኔ ስልክ የማገናኝበት ክፍል መስኮቱ ወደ ክበቡ ግቢ ስለሆነ ሁለት ዓመት ሙሉ ክርክራቸውን በአንድ ጆሮዬ ስሰማ ኖሬያለሁ። አንዱ የግብፅ ዘፈን አመጣ፤ ዘፋኟ አፏን እስክትከፍት ሻያችን ቀዘቀዘ ብለው ሳቁበት። ሌላው የሐበሻ ዘፈን አመጣ፤ አንድ ቃል የገባው ሰው አልነበረም፣ ግን ሦስት ጊዜ አስደገሙት። መካኒኮቹ ቫዮሊን የሌለበት ዘፈን ጨው የሌለው ፉል ነው ይላሉ። ዐም ደፈላ ደግሞ፣ ያ እንደ አጎታችን የምናየው፣ አባታችን በሚነዳው ባቡር ላይ ከሰል ሲያቃጥል የኖረው፣ ቫዮሊን የሚገባው የዘፋኙን ትንፋሽ ማጠር ለመሸፈን ነው ባይ ነው። ስንት ጊዜ ከመስኮቱ ሆኜ «አልተሳሳትክም፣ ዐም ደፈላ» ልለው አሰኝቶኛል መሰለህ። በሁለት ዓመት ውስጥ ግን የሴቶችን ዘፈን ያመጣ አንድ ሰው አልነበረም። ስሙ የሚነሳው ለስድብ ነው፤ አንድ ዘፈን የረከሰ የመሰላቸው እንደሆነ «ይኼማ ለሂና ቤት ነው» ይላሉ።

ስገባ ወንበር የሰጠኝ አልነበረም። ኡስታዝ ቡሽራ «ሲትና፣ ስልክ መጣብን እንዴ?» አለኝ። ስልክ ሳይሆን ዘፈን ይዤ መጥቻለሁ አልኩት። «ይኼ እኮ የአባላት ነው» ሲል፣ ደንባችሁ አባል የሚለው የምድር ባቡር ሠራተኛን ነው፣ እኔም አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁት ለምድር ባቡር ነው አልኩት። አንዱ መካኒክ «ኡስታዝ፣ ስልካችንን ሁሉ የምትሰማው እሷ ናት፤ ብትተዋት ይሻላል» አለና ሳቅ ሆነ። የተከናነብሁትን ቶቤን አስተካክዬ ከዐም ደፈላ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ያንተን ካሴት አስገባሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ያ ዘፈን ሸጋ ነው፤ ደስ እያለኝ ነው የሰማሁት። ኡስታዝ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ሲወዘውዝ አየሁት። ሲያልቅ ገና አፌን ሳልከፍት «ይኼ ማስረጃ አያሻውም፤ ጥበብ ነው» አለ። እኔም ገና አላለቀም፣ ሁለተኛው ክፍል አለው አልኩና የእናታችንን ካሴት አስገባሁ።

ድምፁ ሻካራ ነው፣ ታውቀዋለህ። መጀመሪያ የሴቶች ጫጫታ፣ ከዚያ የደሉካው ምት፣ ከዚያ እሷ። አንዱ መካኒክ ሊስቅ ከንፈሩን ነክሶ ያዘ። እናታችን ግን ቀጠለች፦

ጥላሸት ነው ብለው፣ ቢያሙብኝ ፊትህን፣
ከጓሮ ሆኜ ነው፣ የማውቀው ድምፅህን።

ሁለተኛው መስመር ላይ ስትደርስ የመካኒኩ ሳቅ ጠፋ። ዜማው ያው ነው፣ ሙዘሚል። ክራባት የለውም፣ ቫዮሊን የለውም፤ መውጫውም መውረጃውም ግን የሳቲ ዘፈን ራሱ ነው። አንተ እንዴት እንዳላወቅኸው እስካሁን ይገርመኛል። እየወደድከው እኮ ነው የላክኸው። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ሻይ መጋበዝ ፈርተው ማንም ቃል አልተነፈሰም።

ከዚያ ከዘፈኑ መሀል የባቡር ፉጨት መጣ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፤ ረጅሙ መጨረሻው ላይ እንደ መተከዝ ብሎ የሚወርድ። ዐም ደፈላ ብርጭቆው ከእጁ ወደቀ። ደንቡን ረስቶ ብድግ አለና «ኸሊፋ!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ዞረው አዩት። «ኸሊፋ ነው! በቤቱ ጓሮ ሲያልፍ ለሚስቱ ለበቱል የሚነፋው ነው! እኔ አጠገቡ ከሰል እየጣልኩ ስንት ዓመት ሰማሁት» እያለ እንባውን በእጅጌው ይጠርግ ጀመር። እናታችን ካሴቱ ላይ ፉጨቱን ስትሰማ ሳቀች፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ዘፈኑም ቀጠለ። መጨረሻው ላይ ለቴፑ ቀርቦ የሚናገር የአንድ ወጣት ድምፅ አለ፤ «እማዬ፣ ድገሚው! በአላህ ድገሚው!» ይላል።

ኡስታዝ ቡሽራ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ እናትሽ ከሬዲዮ ሰምታ ነው የወሰደችው፤ ሴቶቻችን እንደዚያ ያደርጋሉ፣ አይፈረድባቸውም» አለ። እኔ ለመመለስ ስነሳ ዐም ደፈላ ቀደመኝ። «ኡስታዝ፣ ይህ ዘፈን በሬዲዮ የወጣው መቼ ነው?» አለው። አንዱ መካኒክ ሠርጉ የነበረበት ዓመት ስለሆነ ያስታውሰዋል፤ ሰባት ዓመቱ ነው አለ። «ኸሊፋን የቀበርነው መቼ ነው?» ለዚህ ማንም መልስ መስጠት አላስፈለገውም፤ ግማሾቹ ቃሬዛውን ተሸክመዋል፣ አሥር ዓመቱ ነው። ኡስታዝ አሁንም እጁን አልሰጠም፤ ፉጨቱን ሌላ ነጂ ነፍቶት ቢሆንስ አለ። ያን ጊዜ ግቢው በሙሉ ተቆጣ። አትባራ ውስጥ እያንዳንዱ ነጂ የራሱ ፉጨት አለው፤ የሞተ ነጂ ምልክት ማን ወስዶ ያውቃል? ነጂው ሲቀበር ፉጨቱም አብሮት ይቀራል። ይህን ኡስታዝም ያውቃል፤ በክርክር ሙቀት ተሳስቶ ነው፣ አፈረም።

እኔም ያኔ ተነስቼ የዘፈኑን ማስረጃ ተናገርኩ። ሳቲን ሌባ አላልኩትም። ዜማ ከሠርግ ቤት ወጥቶ በየባቡሩ ተሳፍሮ የትም ይደርሳል፤ ከማን እንደሰማው እሱም ላያውቅ ይችላል። እኔ የተቆጣሁት በእናንተ ነው አልኳቸው። ይኸው አንድ ዜማ ከሱ አፍ ሲወጣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጥበብ አላችሁት፤ ከእናቴ አፍ ሲወጣ ልትስቁ ከንፈራችሁን ነከሳችሁ። ሚስቶቻችሁን ያገባችሁት በዚህ ዘፈን ነው፤ ሙሽሮቻችሁ በዚህ ነው የጨፈሩላችሁ። በማግስቱ ጠዋት ነው ነውር የሚሆነው? አልኳቸው።

ያጨበጨበልኝ ሰው ያለ እንዳይመስልህ። ኡስታዝ «ዜማው ይሁን፤ ግጥሙ ግን ቀለል ይላል» አለ። ትንሽ ቆይቶ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ ለክበቡ መዝገብ አንድ ቅጂ ቢገኝ መልካም ነው አለኝ። እናቴን ራሷን ጠይቃት አልኩት። ዐም ደፈላ ደንቡን ጥሷልና ለሁሉም ሻይ ጋበዘ፤ ለእኔም መጣልኝ። ሻዩን ስንጠጣ ያ ከንፈሩን የነከሰው መካኒክ «ይኼ ድገሚው የሚለው ልጅ ማን ነው? ድምፁ ውስጥ እኮ ፍቅር አለ» ብሎ ጠየቀኝ። አላውቀውም አልኩት። ዋሸሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ግን በዚያን ሰዓት ደብዳቤህ በቦርሳዬ ውስጥ ነበረ፤ በእርግጥም አላወቅሁህም። ቴፑን ከጎረቤት ለምነህ፣ ጉልበትህ ላይ አስቀምጠህ ያንን ካሴት የቀዳኸው አንተ ነህ። አሥራ ስድስት ዓመትህ ነበር። ሴቶቹ «ወንድ ልጅ ከዚህ ውጣ» ሲሉህ እናታችን ናት ከጎኗ ያስቀመጠችህ።

በማግስቱ ዐም ደፈላ ቤት መጣ። ሐሙስ የልጅ ልጁ ሂና ነው፤ በቱል ካልመታች ሂናው ሂና አይሆንም አለ። እናታችን ወደ መሬት እያየች «ልጄ አይወድም» አለችው። እሱም ቀስ ብሎ «የትኛው ልጅሽ? ድገሚው የሚለው?» አላት። እናታችን ቀና አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ሲትና፣ ያን ነገር ከግድግዳው አውርጂልኝ» አለች። ይኸው እንዳዘዝከው ከበሮው ከግድግዳው ወርዷል። ቆዳው ላልቶ ስለነበር በፍም አሞቀችው፤ በጣቷ መታ አድርጋ ስታደምጠው ፊቷን ብታይ ኖሮ ያን ደብዳቤ በገዛ እጅህ ትቀደው ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እስከ መግሪብ መታች። ድምጿ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ ሴቶቹ ተቀብለው ሞሉላት። እኔ አለቀስኩ፣ አላፍርበትም።

አሁን ቁርጡን ስማኝ። አማቶችህ ሲመጡ የኪስራ እንጀራውም ወጡም በወጉ ይቀርብላቸዋል፤ ከበሮው ግን እንግዳ ማረፊያው ክፍል ውስጥ፣ ከአባታችን ፎቶግራፍ ሥር ይቀመጣል። ማን ይመታዋል ብለው ከጠየቁ እናታችን ትመልስላቸዋለች። የምታፍር ከሆነ ያን ጊዜ ወደ ጓሮ ውጣ፤ ባቡሩ የሚያልፈውም በዚያው ነው። ካሴቱንም አላጠፋሁትም። ቅጂበት ብለህ አልነበር? ቀድቼበታለሁ፤ በላክኸው በሳቲ ካሴት ላይ እናታችንን ከፉጨቱ፣ ከእልልታው ጋር ቀድቼ በዚህ ደብዳቤ አምጪ ልኬልሃለሁ። ሳቲን በሬዲዮ ታገኘዋለህ። ይህን ግን ሱዓድና ትንሹ ኸሊፋ ባሉበት፣ ድምፁን ከፍ አድርገህ ስማው፤ ልጁም የአያቱን ስም ብቻ ሳይሆን ፉጨቱንም ይወቅ።

ለሱዓድ እጅግ የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ በእሷ ቅር የሚያሰኘኝ ነገር የለም። ትንሹን ኸሊፋ ሁለቱን ጉንጮቹን ሳምልኝ። አማቶችህን በአክብሮት ሰላም በልልን። እናታችን ወገብህን በሰሊጥ ዘይት እንድታሽ፣ ብርድ ላይ እንዳትቀመጥ ትልሃለች፤ የዘለልኳቸውን መስመሮች እስካሁን አልነገርኳትም፣ አልነግራትምም። አክስታችን ሰላም ትልሃለች። ዐም ደፈላ ሰላም ይልሃል። ኡስታዝ ቡሽራም ጆሮህ እንዴት ነው ብሏል። ካሴቱ ላይ ያለው ልጅም በጣም ሰላም ይልሃል፤ እስካሁን ድገሚው እያለ ነው።

እህትህ ሲትና ኸሊፋ
አትባራ፣ ኖቬምበር 22 ቀን 1986