ክሱ እዚሁ ቀረ

ኅዳር ፱ ቀን

ለናፈቅኩህ ልጄ፣

እንዴት ከረምክ? እኛ ደህና ነን፤ እናትህም አንተን ከማሰብ በቀር ሕመም የለባት።

የዓለም አቀፉን ፍርድ ቤታችሁን ውሳኔ ባለፈው ሳምንት በሬዲዮ ሰማሁ። «ሥልጣኑ ቢኖረንም፣ የአገሩ ፍርድ ቤት ሰውየውን ከልቡ እየዳኘው ስለሆነ ክሱን አንቀበልም» አሉ። ዐቃቤ ሕግ ሆነህ ስንት ዓመት የለፋህበት ነገር ነውና አዘንኩልህ።

ያ ገበያው ላይ ያስተኮሰ አዛዥ «በአገሬ ልዳኝ» ሲል፣ «አባዬ፣ ድራማ ነው፤ የራሱ ሰዎች ነጻ ያወጡታል» ብለኸኝ ነበር። እኔም ከዚህ ሌላ አልጠበቅኩም። ዳኛ ሆና ችሎቱን የያዘችው ያቺ ዝምተኛዋ መሆኗን ስሰማ ግን እግሬ አላስቀምጥ አለኝ። አብራህ ሕግ የተማረችው፣ እናትህ «ምራቴ» ስትላት የነበረችው።

ችሎቱን ለማየት ሄድኩ። አዛዡ ሜዳሊያውን ደርድሮ ገባ። «ተከሳሽ ይነሱ» አለች። አልተነሳም። ጠበቃው «እግራቸውን ያማቸዋል» አለ።

«እዚህ የመሰከሩት እናቶች ቆመው ነው የመሰከሩት። እንጠብቃለን።»

ሰውየው አቀርቅሮ፣ አቀርቅሮ፣ በመጨረሻ ተነሳ።

ልጇ የሞተችባት አትክልት ሻጭ ስትመሰክር ጠበቃው «ያሳጥሩት» ቢላት፣ ዝምተኛዋ «ጊዜ አለን፤ ይቀጥሉ እናቴ» አለቻት። ትናንት ፍርዱ ተነበበ፤ ዕድሜ ልክ።

ዛሬ የዳኝነት ካባዋን እንዳጠብብላት ወደ ልብስ ስፌት ቤቴ መጣች። ሁለት ፖሊሶች በር ላይ ቆሙ፤ እሷ ከመስኮቱ ርቃ ተቀመጠች።

«ከስተሻል» አልኳት።

«ሥራ ስለበዛ ነው አባባ።»

ክስህ መመለሱን አንስቼ «ልጄ ከፍቶት ይሆናል» ስላት ዓይኗን ከመርፌዬ ላይ አነሳች።

«እሱ እዚያ ባይከሰው ኖሮ እዚህ ማንም መዝገቡን አይከፍትም ነበር። እኔም ብሆን። ይህን ይንገሩልኝ» አለችና መልሳ፣ «ወይ ይተዉት፤ አንድ ቀን ራሴ እነግረዋለሁ» አለች።

ካባዋን ከጎንና ከጎን አራት ጣት ያህል አጠበብኩላት። መልእክቷን ግን መተው አልቻልኩም። ስልኳም ያው የድሮው ነው፤ ብትደውልላት ያ «አንድ ቀን» እስኪመጣ መጠበቅ የለባትም።

የዘራኸው ይብቀልልህ። እሷንም አምላክ ከክፉ ዓይን ይሰውርልን።

ልብስ ሰፊው አባትህ