ታካሚዋ መናገር ባትችል

ጥር 6
ሰላሳ ስምንት የአንደኛ ክፍል ልጆች፣ አንድ ጉሮሮ። ከእረፍት በፊት ድምፄ ሰለለ። አንገቴ ላይ ያለውን እጢ የሚያወጡልኝ ውጭ አገር ነው፤ ቀጠሮው የካቲት 3። ከድምፅ ነርቭ ጋር ተጣብቋል። "ድምፅዎ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል" አለኝ ሐኪሙ። ምን ማለት ነው እሱ? አስተማሪ ያለ ድምፅ ምን ትሠራለች?

ጥር 9
ዝርዝር ጻፍኩ። ፓስፖርት። የራጅ ፊልም፣ በእጅ የሚያዝ። ፊት ለፊት የሚቆለፍ ሸሚዝ፤ በአንገት የሚጠለቅ አይሆንም ተብሏል። የመመለሻ ትኬትስ? የእኛው ሐኪም በሳምንት መመለስ ይቻላል ይላል። የዚያኛው ሆስፒታል ከአስራ አምስት ቀን በፊት አይሮፕላን አይታሰብም ይላል። የቱን ልመን? ዝርዝሩን ቀድጄ እንደገና ጻፍኩ። ያው ነው።

ጥር 11
የሚፈቀደው አንድ አስታማሚ ብቻ ነው። እህቴ "እኔ ነኝ የምሄደው" አለች። "ባልሽ እንደሆነ ለዳቦ ሻጭ እንኳ በአገጩ ነው የሚመልሰው።"
ሳቅኩ። እውነቷን ነው... አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለአከራይ፣ ለሐኪም፣ ለዘመድ፣ የሱንም የኔንም የማወራው እኔ ነኝ። እሱ ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ አቀርቅሮ ሰዓቱን ይጠግናል። ግን ስነቃ ማየት የምፈልገው እሱን ነው። እህቴን ምን ልበላት?

ጥር 12
የሆስፒታሉ ቅጽ ላይ የሱን ስም አስገባሁ። የአስታማሚውንም ገጽ እኔው ሞላሁለት። ፈረምኩለትም።

ጥር 15
ቅጹ ተመለሰ። "ታካሚዋ መናገር ባትችል ስለ እሷ የሚወስነው ማን ነው?" ለሚለው የራሴን ስም ጽፌያለሁ። እህቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ እንባዬ መጣ። ፈርቻለሁ። እውነት ግን፣ ማን ነው?

ጥር 16
ከሥራ ስገባ ባለቤቴ ስልክ ላይ ነው። ከሆስፒታሉ አስተርጓሚ ጋር! የሥራ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ "ቀስ ብለው ይንገሩኝ" ይላል። "ስንት ቀን ነው ሳትናገር የምትቆየው? ጨርሶ ባይመለስስ?" እኔ መጠየቅ የፈራሁትን ሁሉ ጠየቀ። ትኬቱም በአስራ አምስተኛው ቀን ሆነ፤ አለቀ።
ስልኩን ዘግቶ አየኝ። "ነርቩን ሳይነኩ እጢውን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ባይችሉ፣ የቱ ይቅደም ልበላቸው?"
"አላውቅም" አልኩት።
"እሺ። አስቢበት።"


ጥር 19
ነገርኩት። መዳኔ ይቅደም... ድምፄ የሆነውን ይሁን። እያለቀስኩ ነው ያልኩት።
ከዚያ ቅጹን ወስዶ "የሚወስነው ማን ነው?" በሚለው ላይ ስሙን በራሱ እጅ ጻፈ። ፊደሉ ተንጋዷል፣ ከመስመሩም ወጥቷል። አላረምኩትም።