በዌልደን ስም የመጣው ቼክ

ይድረስ ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለአልሲድ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህ እንደምን ሰነበተ? ያ የአላስካ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ? ሚስትህ ጆሊንና ትንሹ ልጅህ ታይ ደህና ናቸው ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን፤ ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም። እማዬ እህል አይወርድላትም። እኔም ወንድማችንን ዌልደንን ከቀበርን ወዲህ የሽሪምፕ ማጥመጃ መረብ ልጠግን እቀመጥና ሳልጨርስ እነሳለሁ።

ባለፈው በስልክ የመኪናው ገንዘብ የት ደረሰ ብለህ ስትጮህብኝ ዝም ያልኩህ እማዬ አጠገቤ ስለነበረች ነው። አሁን ቁጭ ብዬ ከሥሩ ልንገርህ።

ዌልደን ያን ሰማያዊ ፒክአፕ በብድር ሲገዛ ሻጮቹ ሁለት ዋስትና ጨምረው ሸጠውለት ነበር። አንዱ መኪናው ሲበላሽ የሚያስጠግንና መንገድ ላይ ሲቆም የሚያስጎትት ነው። ሌላው ደግሞ መኪናው ከጥቅም ውጭ ቢሆን፣ ከኢንሹራንሱ ክፍያ በኋላ የሚቀረውን ዕዳ የሚሸፍን ነው። የሁለቱም ዋጋ ገና ከጅምሩ ብድሩ ውስጥ ተደምሯል። ዌልደን ሲታመም ሰፈሩ እንደ ደንባችን ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ዶሮ ጠብሶ፣ ሩዝ አብስሎ፣ ምሳ በየሳሕኑ እየሸጠ ብድሩን ከጊዜው በፊት ዘጋለት። እሱም አልጋው ላይ ሆኖ፣ አሁንስ ልሙት ብል ባንኩ አይከለክለኝም እያለ ያስቀን ነበር። እኛ ብድሩ ሲያልቅ ዋስትናውም አብሮ ያለቀ መስሎን ነበር። ለካ ያልተሠራበት ጊዜ ዋጋ ይመለሳል። ግን በራሱ አይመጣም፤ ውሉ ይሰረዝልን ብሎ ጽፎ መጠየቅ ያስፈልጋል፣ በዘገየህ ቁጥርም ይቀንሳል። የሻጮቹ ቢሮ ያለችው ሴትዮ፣ "ካልጠየቃችሁን እኛ በምን እናውቃለን የኔ እህት?" አለችኝ፣ ፈገግ ብላ። አንገቷን ባንቃት ደስ ባለኝ።

ገንዘቡን የፈለግነው፣ እንደምታውቀው፣ ለመቃብሩ የስም ድንጋይ ነው። ነገ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ነው። ሰው ሁሉ የዘመዱን መቃብር አጥቦ ኖራ ሲቀባ የዌልደን ብቻ ስም አልባ ሆኖ መቆሙ አንጀቴን ሲበላው ከረመ።

የዌልደን ወራሽ እማዬ ስለሆነች ማሰረዣውን የምትፈርመው እሷ ናት። እሷ ግን አልፈርምም አለች። "ያ ወረቀት እያለ ልጄ መንገድ ላይ አይቀርም" አለችኝ። ዌልደን ብቻውን እየነዳ ሐኪም ቤት ሲመላለስ እሷን እንቅልፍ ያስተኛት ይኸው ዋስትና ነበር። እማዬ፣ ዌልደን እኮ ሞቷል አልኳት። "የቀበርኩት እኔ፤ አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ?" ብላ ፊቷን አዞረችብኝ።

ከብዙ ቀን በኋላ ራሷ የመኪናውን ቁልፍ አምጥታ ሰጠችኝ። መኪናው ምን ያህል እንደተነዳ መጻፍ ስለነበረብን አብረን ገባን። ወንበሩ ለእሱ ረጅም እግር ወደ ኋላ እንደተገፋ ነው። እግሬ ፍሬኑ ላይ አልደርስ ሲለኝ ወንበሩን ላስጠጋ ብል እማዬ እጄን ያዘችኝ። ጫፉ ላይ ተቀምጬ እንደምንም አስነሳሁትና ቁጥሩን ጻፍኩ። ቅጹ ላይ ውሉ የሚሰረዝበት ምክንያት የሚል ቦታ ስደርስ፣ "ብድሩ ስላለቀ በያቸው፤ ሌላውን ምን አገባቸው" አለችና ፈረመች።

ቼኩ ባለፈው ሳምንት መጣ። በእማዬ ስም ይሁን ብዬ ጽፌላቸው ነበር፤ እነሱ በዌልደን ስም ልከውታል። ባንክ ብጠይቅ፣ ከሞት ምስክር ወረቀቱ ጋር መልሱላቸው፣ በእናቱ ስም ለውጠው ይልካሉ አሉኝ። እማዬ ይህን ስትሰማ ፖስታውን ከእጄ ነጥቃ ደረቷ ላይ አደረገችው። "ለእሱ የመጣ ነው። ልጄን ስንት ጊዜ ነው የምታሰርዙኝ?" አለች። ከዚያ በኋላ የቼኩን ነገር አላነሳሁባትም። እባክህ አንተም እንዳታነሳባት። የመመንዘሪያ ጊዜው ካለፈም ይለፍ።

ዛሬ ጠዋት መቃብሩን ኖራ ቀባነውና ስሙን እኔው ራሴ በጥቁር ቀለም ጻፍኩለት። ኖራው ስላልደረቀ ፊደሎቹ ወረዱብኝ። አለቀስኩ፤ ምን እደብቅሃለሁ። እማዬ ራቅ ብላ ቆማ አየችውና፣ "ይነበባል፤ ነይ እንሂድ" አለችኝ።

ለገና እንደምንም ብለህ ና። እማዬ ጆሊንን በጣም ሰላም በልልኝ፣ ታይንም ጉንጩን ሳምልኝ ብላለች። አክስታችን ኤርሊን ሰላም ብላሃለች፤ ባሏም የዓሣ ማጥመጃ ዘንጌን መቼ ነው የምትመልሰው ብሎሃል። ዌልደንም ሰላም ብሎሃል ብዬ ልጽፍ እጄ ጀምሮ ነበር፤ ሦስተኛው ፊደል ላይ ሰረዝኩት።

እህትህ ቨርና
ባዩ ሴንት ኦዲል፣ ሉዊዚያና
ኦክቶበር 31 ቀን 2023