ከአንቀልባሽ ላይ የተፈታው ዛጎል

እማ፣ ሰፈሩን በጀርባሽ ያሳደግሽው፤

አላህ ይዘንልሽ። ከሄድሽ ክረምቱ አንዴ ዞሮ መጥቶ አልፏል፤ ገብሱም ደርሶ እየታጨደ ነው። ደህና ነን ብዬ እንዳልጀምርልሽ ዛሬ ደህና አይደለሁም፤ ንድድ ብሎኛል። ጎረቤቱ ሁሉ "ተይ፣ እህትሽ ናት" እያለ አፌን ስለሚያስይዘኝ ላንቺው ልንገርሽ።

መጀመሪያ የሰፈሩን ወሬ። ሰይድ ልጅሽ ከጅዳ በላከው ገንዘብ ግቢውን በቆርቆሮ አጥረነዋል፤ ቁልቋሉ ተነስቷል። ጎረቤትሽ ወርቅነሽ ያን ያህል ዘመን ስትለምን ኖራ ሴት ልጅ ወለደች! መካነ ሰላም ላይ ያልሰማ የለም፤ ባሏ በደስታ ብዛት የእግዜር ሰላምታ እንኳ ረስቷል። የመጨረሻ ልጅሽ ዘሃራም ተዳረች። ነገሩ እዚህ ላይ ነው።

በሰርጓ ማግስት የባህል ልብስ ለብሳ ፎቶ ልትነሳ ሆነ። ሹሩባ ሠሪዋ "ዛጎል ጣል ጣል ቢደረግበት ያምር ነበር" አለቻት አሉ። ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? አንቀልባሽን ከግድግዳው አውርዳ ዛጎሉን በምላጭ ፈታችና ጠጉሯ ላይ ሰካችው! እኔ ያየሁት ሙሽራዋ ስትወጣ ነው። ሰው እልል ሲል እኔ ወደ አንቀልባው ሮጥኩ።

ያ አንቀልባ የኛ ብቻ ነበር እንዴ? ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሲወልድ "የእማን አንቀልባ" ብሎ ይወስዳል፤ ሲመልስም ባዶውን አይመልስም፣ ጭብጥ ቆሎ ቋጥሮበት ነው። ወደ ከላላ ገበያ ስንሄድ አንዲት ዛጎል ወድቃብሽ፣ ባለበቅሎውን ሁሉ አስቁመሽ መንገዱን አስፈትሸሻል። ሰይድ በስልክ "ዛጎል እኮ ነፍስ ያለው የባሕር ቀንድ አውጣ ነው፤ እንዲህ የሚያብረቀርቀው ሥጋውን አውጥቶ ቅርፊቱን ስለሚያለብሰው ነው" ሲልሽ፣ "ቤቱን በገላው የሚሸፍን! ከስንቱ ሰው ይሻላል" ብለሽ ሳቅሽ። ይኸው፣ ከስንቱ እንደሚሻል አየሁልሽ።

ወርቅነሽ ከአራስ ቤት ወጥታ ልትዋስ መጣች። ምን ልስጣት? መላጣ ቆዳ! አገላብጣ አየችውና "ቆዳው ካለ ምን አለበት" አለች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። ስንት ዘመን በሌሎች ጀርባ ላይ ስታየው የኖረች ሴት እኮ ናት! አንቀልባውን አስቀርቼ በእሷ ፈንታ እኔ ጮኽኩ። ዘሃራ ሆዬ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "ደሴ የፕላስቲኩ ዛጎል ሞልቷል፤ ማን ይለየዋል?"

ፕላስቲክ!

ያልሰደብኳት ስድብ የለም። በመጨረሻ አለቀሰች። "እናትነቷ ላንቺ ብቻ ነው? እኔንም ያዘለችኝ በሱ ነው። ሰርጌን ሳታይ ሄደች፤ እስቲ ዛሬ እንኳ እኔ ልሸከማት ብዬ ነው" አለችኝ። እውነቴን ነው እማ፣ ልቤ ሊቀልጥ ነበር። አልቀለጠም። አንቺን ለመሸከም የወርቅነሽን ልጅ ማራቆት ነበረባት? አንቺም ብትሆኚ የመጨረሻ ልጄ እያልሽ እንደ እንቁላል ይዘሽ ያበላሸሻት አንቺ ነሽ! ሞታለች ብዬ አልምርሽም።

ትናንት ጠጉሯን ፈትታ፣ ዛጎሉን በመሀረብ ቋጥራ መጣች። ጥቂቱ ተሰብሯል። ወስፌና ክር አቀበልኳት፤ ትንፍሽ አላልኩም። ስትሰፋ ዋለች። ጣቷን ስትወጋም ወስፌውን አልተቀበልኳትም። የተሰበሩት ቦታ ክፍቱን ይቀራል፤ ማን እንዳራቆተው ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ። አንቀልባውንም ወርቅነሽ ደጅ የምታደርሰው ራሷ ዘሃራ ናት፤ በእጇ ልጅቷን ታሳዝላት። እሷን ያን ጊዜ አናግራት እንደሆነ አያለሁ። አንቺን ግን፣ እማ፣ በዚህ ሰፈር ልጅ በታዘለ ቁጥር አስታውስሻለሁ፤ ተቆጥቼም ቢሆን።